«ከስፖርት ነፃ የሚያደርግ ወረቀት ይጻፉልን»



መስከረም ጠብቶ ትምህርት ሲከፈት እኔ ጋ አንድ የለመድኩት ጥያቄ ይበዛል። እናት ወይም አባት ልጃቸውን ይዘው ይገባሉ፣ ይቀመጣሉ፣ ትንሽ ካመነቱ በኋላ «ዶክተር፣ ከስፖርት ነፃ የሚያደርግ ወረቀት ይጻፉልን» ይላሉ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ዝም ይላል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለዓመታት ወረቀቱን ጽፌያለሁ። ሁለት መስመር ነው፣ ማህተም ይመታበታል፣ አለቀ። ወላጅም አመስግኖ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት የመጣች አንዲት ልጅ ግን እጄን ያዘችኝ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እሷ፣ ስላልጻፍኩላት ወረቀትና ልጆቻችን የስፖርት ክፍለ ጊዜን ለምን እንደሚሸሹት ነው። ታሪኩን የማካፍላችሁ በልጅቷና በእናቷ ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚጠቁሙ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።

ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ የሚመጣ ሕመም

ልጅቷ 14 ዓመቷ ነው፣ 8ኛ ክፍል። እናትየዋ እንደነገሩኝ ጠዋት ጠዋት ደረቷን ይጨንቃታል፣ ሆዷን ይቆርጣታል፣ አንዳንዴም ያስመልሳታል። «ሁልጊዜ ነው?» ስላቸው አሰቡና «ማክሰኞና ሐሙስ ይብስባታል» አሉ። ቅዳሜና እሑድ ደህና ናት። ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ስፖርት ያላቸው ቀን ነው።

እዚህ ጋ «አስመሳይ ናት» ብሎ መፍረድ ቀላል ነበር። እናትየዋ ግን ፈርተዋል፤ የሚፈሩበትም ምክንያት አላቸው። የእህታቸው ልጅ የልብ ቫልቭ ሕመም ነበረባት። ስለዚህ ነገሩን በቁም ነገር ይዤ መረመርኳት። ልቧን አዳመጥኩ፣ ግፊቷን ለካሁ፣ የደም ማነስ እንዳለባት አየሁ፣ ኢሲጂና የልብ አልትራሳውንድ አዘዝኩ። ደረጃውን ሁለት ጊዜ ወጥታ እንድትወርድ አድርጌ ሳንባዋን ደግሜ አዳመጥኩ። ሁሉም ደህና ነው።

ከዚያ እናትየዋን «እስቲ አንድ አምስት ደቂቃ ውጭ ይጠብቁን» አልኳቸው። ልጆች ከፍ ሲሉ ይህን ሁልጊዜ አደርጋለሁ። ለእናት የማይነገር ነገር ይኖራልና።

«ስፖርት ላይ ምን ይፈጠራል?» አልኳት።

ዝም አለች። ቆይታ፣ «ሩጫ ላይ መጨረሻ የምገባው እኔ ነኝ። ሁሉም ጨርሰው ቁጭ ብለው እኔን ያዩኛል» አለች።

«እሺ?»

«‹ሲኖትራክ መጣች› ይላሉ። ቲቸር ደግሞ ስማችንን እየጠራ ደቂቃውን ጮክ ብሎ ያነበዋል።»

«ለእናትሽ ነግረሻታል?»

«‹ታዲያ አንቺም ሩጪና ቅደሚያቸው› አለችኝ።»

ሕመሟ ይህ ነበር። ደግሞም እውነተኛ ሕመም ነው! ሰው ሲጨነቅ ሰውነቱ አድሬናሊን ይረጫል፤ ልብ ይመታል፣ ደረት ይጠብቃል፣ ሆድ ይገለባበጣል። ልጅቷ አልዋሸችም። ሰውነቷ ማክሰኞ ጠዋት ሊደርስባት ያለውን ውርደት አስቀድሞ እየነገራት ነበር።

ሂሳቡን አብረን እንሥራው

ታዲያ ወረቀቱን ጽፌ ብገላግላት ምን ችግር አለው? በሳምንት ሁለት ክፍለ ጊዜ ቢቀርባት ምን ይጎዳታል?

የዓለም ጤና ድርጅት ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 17 የሆኑ ልጆች በአማካይ በቀን ቢያንስ 60 ደቂቃ ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ይመክራል። ልብ ምት የሚጨምር፣ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ማለት ነው። በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ደግሞ ጠንከር ያለ፣ ጡንቻና አጥንት የሚያጠነክር መሆን አለበት። በሳምንት ሲደመር 420 ደቂቃ ነው።

አሁን የስፖርት ክፍለ ጊዜውን እንደምር። ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ 80 ደቂቃ። ከክፍል እስኪወጡ፣ ልብስ እስኪቀይሩ፣ እስኪሰለፉ 20 ደቂቃው ይሄዳል እንበል። ቀሪዋን 60 ደቂቃ ደግሞ አንድ ልጅ ግማሿን ወረፋ ሲጠብቅ ያሳልፋታል። ስንት ቀረ? 30 ደቂቃ። ከ420 ውስጥ!

«ያው ከንቱ ነው ማለት ነው» እንዳትሉ። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። የስፖርት ክፍለ ጊዜ የልጁን ሳምንታዊ እንቅስቃሴ በራሱ ሊሞላው አይችልም። ሊያደርግ የሚችለው ትልቅ ነገር ሌላ ነው፦ ልጁ በቀሩት ሰዓታት፣ ቀጥሎም በቀሩት 50 እና 60 ዓመታት መንቀሳቀስ እንዲወድ ማድረግ። ወይም እንዲጠላ ማድረግ። በእነዚያ 30 ደቂቃዎች ውስጥ የሚወሰነው ይህ ነው።

በዓለም ዙሪያ ያለው ሁኔታ ጥሩ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት፣ 146 አገራትን ባካተተ ጥናት ዕድሜያቸው ከ11 እስከ 17 ከሆኑ ተማሪዎች 81 በመቶው የሚመከረውን ያህል አይንቀሳቀሱም። ከሴቶቹ 85 በመቶ፣ ከወንዶቹ 78 በመቶ። የአዋቂ አጥንት ጥንካሬ በአብዛኛው የሚገነባው ደግሞ በዚሁ ዕድሜ ነው። ዛሬ ያልተቀመጠውን አጥንት በ50 ዓመት ዕድሜ ተመልሶ ማስቀመጥ ይከብዳል። እንቅልፍ፣ ስሜት፣ ትኩረት፣ የደም ግፊትና የስኳር መጠን ሁሉም ከእንቅስቃሴ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ስለዚህ ያቺ ወረቀት ልጅቷን ከማክሰኞና ከሐሙስ ታድናት ነበር። ግን «አንቺ ለስፖርት አልተፈጠርሽም» የሚለውን ፍርድ በሐኪም ማህተም ታጸድቀው ነበር።

ልጅ ሰነፍ ሆኖ አይደለም

እስቲ ይህን አስቡ። የስፖርት ክፍለ ጊዜ የጠላው ልጅ ዕረፍት ላይ ምን ያደርጋል? አባሮሽ ይሮጣል። ሱዚ ይዘላል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ ጨለማ እስኪሆን ኳስ ይጫወታል፤ ተጠርቶም አይገባም። ሰውነቱ ያው ነው፣ ጉልበቱም ያው። የተለወጠው ሁኔታው ነው።

ኤድዋርድ ዲሲና ሪቻርድ ራያን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ሰው አንድን ነገር ከውስጡ ወዶ እንዲሠራ ሦስት ነገር እንደሚያስፈልገው ያስረዳሉ። ሐሳባቸው በስፖርት ትምህርት ላይም ብዙ ተጠንቷል። በእኛ ቋንቋ እንዲህ ላስቀምጠው፦

1. «ራሴ መረጥኩት» ማለት። ትንሽ ምርጫ ይበቃል። ገመድ ወይስ ሩጫ? ከማን ጋር? በየትኛው ልጀምር?

2. «እችላለሁ» ማለት። ልጅ ከትናንት ዛሬ መሻሻሉን ማየት አለበት። ሁልጊዜ ከክፍሉ ፈጣን ልጅ ጋር የሚወዳደር ልጅ ቢሻሻልም አይታየውም፣ የሚታየው መጨረሻ መግባቱ ብቻ ነው።

3. «ከእነሱ ጋር ነኝ» ማለት። የሚጠብቀው፣ የሚያጨበጭብለት፣ ቢወድቅ የማይስቅበት ሰው አለ ወይ?

የእኔን ታካሚ በእነዚህ ሦስቱ ለኳት። ምርጫ የላትም፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ዙር ይሮጣል። «እችላለሁ» የላትም፣ ደቂቃዋ ጮክ ተብሎ ይነበባል። «ከእነሱ ጋር» ጭራሽ የላትም፣ ስሟ ሲኖትራክ ነው። ከዚያ እኛ «ይህች ልጅ ፍላጎት የላትም» እንላለን!

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ያረፈደ ተማሪ ምን ይደረጋል? «ሜዳውን 5 ዙር ሩጥ!» የረበሸስ? «20 ፑሽ አፕ ውረድ!» ሩጫን መቅጫ አድርገን ስናበቃ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ልጁ ሩጫን እንዲወድ እንጠብቃለን። ሂሳብ ለቅጣት ቢሰጥ ኖሮ ሂሳብን ማን ይወድ ነበር?

59ኙስ?

እኛ አገር ደግሞ የራሳችን የሆነ ነገር አለ። ስፖርት ሲባል ቶሎ የሚታየን ሜዳልያ ነው። በቆጂን ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እዚያ እነ ደራርቱ ቱሉን በልጅነታቸው ያሠለጠኑት አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ በ1992 እ.ኤ.አ. በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ አመጣች። አንድ የስፖርት መምህር የልጅን ሕይወት ምን ያህል ሊቀይር እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ግን 60 ተማሪ ካለበት ክፍል አንዲት ደራርቱ ብትገኝ ትልቅ ነገር ነው። የቀሩት 59ኙስ? እነሱም ልብ አላቸው፣ አጥንት አላቸው፣ ነገ የደም ግፊት የሚያሰጋቸው ሰዎች ናቸው። ለሐኪም የመጀመሪያዋ ሳትሆን 59ኙ ናቸው የሚያሳስቡት። አንደኛ የምትወጣዋ ማንም ባይነግራትም ትሮጣለች።

መምህሩን ደወልኩለት

በልጅቷና በእናቷ ፈቃድ ለስፖርት መምህሩ ስልክ ደወልኩ። ልሟገት ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ።

«ዶክተር፣ እኔ ልጅቷን ላሸማቅቅ ብዬ አይደለም እኮ» አለኝ። «60 ተማሪ ነው ያለኝ። 3 ኳስ። ግቢው የሰው ቪላ ነበር፣ ሜዳ የምንለው መኪና ማቆሚያውን ነው። ማርክ ስጥ እባላለሁ፤ ሩጫ ዕቃ አይፈልግም። ፈተና ሲደርስ ደግሞ የሂሳብ መምህሩ ‹ፔሬድህን ስጠኝ› ይለኛል። ወላጅም ቢሆን ‹ስፖርት ምን ያደርጋል› ነው የሚለው።»

ምን እመልሳለሁ? እኔም እኮ ያለ በቂ ምርመራ ሁለት መስመር ጽፌ ስሸኝ የኖርኩ ሰው ነኝ። እሱ ጊዜ አጠረው፣ እኔም ጊዜ አጠረኝ፣ መሃል ላይ የወደቁት ልጆቹ ናቸው።

የስድቡን ነገር ስነግረው ግን ዝም አለ። «አልሰማሁም ነበር። ደቂቃውን የማነበው ለመመዝገብ እንዲመቸኝ ነው» አለ። ከዚያ ሐሳቡን ያመጣው እሱ ራሱ ነው፦ «ግቢውን ለአራት ልክፈለውና በቡድን በቡድን ላዟዙራቸው። ገመድ፣ ኳስ ቅብብል፣ አጭር ሩጫ፣ ጂምናስቲክ። ወረፋውም ይቀንስልኛል።»

ስለዚህ ወረቀት ጻፍኩ። ግን እናትየዋ የጠየቁኝን አልነበረም። እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዋ ጤነኛ ናት። የስፖርት ትምህርት ለጤናዋ ያስፈልጋታል። ውጤቷ በሌሎች ፊት እንዳይነበብ፣ መሻሻሏ ከራሷ የቀድሞ ውጤት ጋር እንዲነጻጸር፣ ስድብና ማሾፍ እንዲቆም በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ትክክለኛው ሕመም ሲሆንስ?

ልጅ ስፖርት ሲሸሽ ሁሉም ነገር የስሜት ጉዳይ ነው ማለት አይደለም። እነዚህ ካሉ ሳትዘገዩ ሐኪም ጋ ውሰዱት፦

• እየሮጠ ራሱን ከሳተ ወይም ሊስት ከደረሰ
• በእንቅስቃሴ ጊዜ ደረቱን ካመመው፣ ወይም ልቡ ያለ ልክ ከመታ
• ከእኩዮቹ በተለየ ቶሎ ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም እግሩ ካበጠ
• ከቤተሰብ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው ካለ
• ከጉሮሮ ሕመም በኋላ መገጣጠሚያው አብጦ ወይም አሞት የሚያውቅ ከሆነ፤ ይህ ሩማቲክ የሚባለውን የልብ ቫልቭ ሕመም ሊያስከትል ይችላልና
• ከገረጣና ቶሎ ከደከመው፤ በተለይ የወር አበባዋ የሚበዛባት ልጅ ከሆነች የደም ማነስ ይታይላት

እነዚህ ካሉ ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ጠንካራ ስፖርት ይቆይ። ያኔ ወረቀቱን እኔ ራሴ ደስ ብሎኝ እጽፋለሁ።

አስም ግን ለብቻው መታየት አለበት። ሲሮጥ ወይም ሩጫውን ባቆመ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያስለው፣ ደረቱ ሲር ሲር የሚል ልጅ አስም ሊኖርበት ይችላል። መፍትሔው በአብዛኛው ከስፖርት ማስቀረት አይደለም። በሐኪም የታዘዘለትን ፓፍ ከስፖርቱ 15 ደቂቃ ያህል በፊት መውሰድና ቀስ ብሎ ማሟሟቅ ብዙዎቹን ልጆች ከጓደኞቻቸው እኩል ያጫውታቸዋል። ፓፉ ቦርሳው ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ፤ መምህሩም ይወቅ።

ወላጆች፣ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

1. «ስንተኛ ወጣህ?» ከማለት «ዛሬ ምን ተጫወታችሁ? ደስ ያለህ የቱ ነው?» በሉት።

2. የልብሱን ነገር አትናቁ። የጠበበ ቱታ፣ የሚያንሸራትት ጫማ ልጅን ያሳፍራል። እናቶች፣ ሴት ልጆቻችሁ ጡት ማውጣት ሲጀምሩ ደህና አድርጎ የሚይዝ ጡት ማስያዣ ግዙላቸው። አፍረው አይነግሯችሁም፤ «አሞኛል» ብለው ይቀራሉ።

3. የወር አበባ በራሱ ከስፖርት አያስቀርም። ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ሕመሙን ለብዙዎች ያስታግሳል። ቦርሳዋ ውስጥ ትርፍ ሞዴስና ትርፍ ሱሪ ይኑር፤ ብዙ ጊዜ የሚያስፈራት ሕመሙ ሳይሆን ልብሴ ይነካብኛል የሚለው ነው። ሕመሙ ከትምህርት ቤት የሚያስቀር ከሆነ ግን ትታይ።

4. ጠዋት ሳይበላ አትላኩት። በባዶ ሆዱ የሚሮጥ ልጅ ዞሮበት ቢቀመጥ ስንፍና አይደለም።

5. ስልኩን ከመቀማታችሁ በፊት አብራችሁት ውጡ። ሰርቪስ ከቤት በር እስከ ትምህርት ቤት በር የሚያደርሰው ልጅ በምን ይራመድ? እሑድ ጠዋት አብሮ መራመድ፣ እንጀራ ለመግዛት በእግር መላክ፣ ሊፍቱን ትቶ በደረጃ መውጣት ሁሉም ከ60ው ደቂቃ ይቆጠራል። በአንድ ጊዜ ማሟላት ግዴታ አይደለም።

6. «እኔም በልጅነቴ ስፖርት አልችልም ነበር» ብላችሁ አታጽናኑት። በዘር የወረሰው ይመስለዋል።

የስፖርት መምህራን፣ እናንተ ደግሞ

ስማችሁ በወላጅ ስብሰባ ላይ ብዙም እንደማይነሳ አውቃለሁ። ግን ብዙ ልጅ ስለ ሰውነቱ የመጀመሪያውን ፍርድ የሚሰማው እናንተ ጋ ነው። ገንዘብ የማይጠይቁ አራት ነገሮች ልለምናችሁ፦ ውጤት በጆሮ ይነገር እንጂ በአደባባይ አይነበብ። ቡድን እናንተ መድቡ፤ ሁለት አለቆች ቆመው እየመረጡ አንድ ልጅ መጨረሻ የሚቀርበት ነገር ይብቃ። ሩጫና ፑሽ አፕ መቅጫ አይሁን። ማርኩም ለፈጣኑ ብቻ ሳይሆን ለተሻሻለው ይድረስ።

ርዕሳነ መምህራን ደግሞ፣ እባካችሁ የስፖርትን ክፍለ ጊዜ ለሂሳብ ማካካሻ አታድርጉት።

ልጅቷስ?

ከሁለት ወር በኋላ ለቀጠሮ መጣች። ማክሰኞ ጠዋት ሆዷን አሁንም አልፎ አልፎ ይይዛታል፤ ማስመለሱ ግን ቆሟል። ስድቡ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ መምህሩ ሁለት ልጆችን ለብቻ አነጋግሯል፣ እናትየዋም ትምህርት ቤት ድረስ ሄደዋል። ሩጫ ላይ አሁንም ከኋላ ካሉት አንዷ ናት። ግን ሁለት ዙር ሳትቆም መሮጥ ያቅታት የነበረችው ልጅ አራት ዙር ደርሳለች። ይህን ያወቀችው ደብተሯ ላይ ስለተጻፈ ነው።

«ገመድ ላይ ግን ማንም አያክለኝም» አለችኝ ፈገግ ብላ። «ሁለት ጓደኞቼን እያስተማርኳቸው ነው።»

«ሩጫስ?» አልኳት።

«ሩጫ አልወድም፣ ዶክተር።»

«እኔም አልወድም» አልኳት። ሳቀች። እናትየዋ ግን አልሳቁም፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «እኔ እኮ ልቧ መስሎኝ ነበር» አሉኝ።

ልቧማ ነበር። እኔ በማዳመጫ የማገኘው ዓይነት አልነበረም እንጂ።

ቤተሰብ፣ ልጃችሁ በሚቀጥለው ጊዜ «ስፖርት አልሠራም» ሲላችሁ፣ ወደ እኛ ከመምጣታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ሜዳው ላይ ምን ሆነህ ነው?» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት።

እናንተስ፣ ከተማሪነታችሁ የስፖርት ክፍለ ጊዜ የማትረሱት ምንድን ነው? ደስ ያላችሁንም ያሳፈራችሁንም ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አነባለሁ። ጽሑፉ ይጠቅማል ካላችሁ ለአንድ ወላጅና ለአንድ የስፖርት መምህር ሼር አድርጉላቸው።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ እንጂ የሐኪም ምርመራን የሚተካ አይደለም።